የሽታው ተራ

«ልጁ የእናቱ ልጅ ነው። እንኳን ማኅበር ሊደግስ ሻይ አፍልቶ አያውቅም» የሚል ድምፅ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ሲመጣ፣ ሽታው የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ድምፁ የአጎቱ የአያ ዝናቡ ነው። እሑድ በማለዳ ከአከራዩ ከኑርዬ ሳሎን ተቀምጦ የወንድሙን ልጅ ገመና ይዘረግፋል። ግድግዳው ለሁለቱ ቤት አንድ ስለሆነ ኑርዬ ሲያስነጥስ ሽታው ከዚህ ማዶ ሆኖ «ይማርዎ» ይላል። «አንተ ግቢ ጠላ አይገባም፤ ልጁ አፍሮ ነው እንጂ ጨንቆታል። ጽዋውን ልውሰድለትና ማኅበርተኛውን ወደኔ ቤት ልጥራው» አለ አያ ዝናቡ። ኑርዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤቱን ያከራየሁት ለሱ፣ ጽዋውም ያለው እሱ ዘንድ። በሩ ያውልህ፤ አንኳኳና ጠይቀው» አለው። ከዚያ የአያ ዝናቡ ከዘራ በግቢው ጠጠር ላይ ኳ ኳ እያለ መጣ፤ ሽታው በር ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ትንሽ ቆየና ሳያንኳኳ ሄደ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ሽታው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማምለጫ ሲፈልግ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሞባይሉን ታቅፎ፣ ሐይቅ ላለችው ለእናቱ ለአሰገደች ልደውል አልደውል ሲል ነው ያነጋው። ቢደውልላት በመጀመሪያው ሚኒባስ፣ ሦስት እህቶቹንና የቤቱን ድስት ሁሉ አስከትላ እንደምትመጣ ያውቃል። አጎቱ አንኳኩቶ «ስጠኝ» ቢለው ኖሮ እግሩ ላይ ወድቆ ያመሰግነው ነበር። ግን «ሻይ አፍልቶ አያውቅም» የሚለው ነገር አንገበገበው። ሻይማ ያፈላል! አፉን ተጉመጥምጦ ውኃውን ከመሬት ጋር የተጣላ ይመስል ተፋውና፣ እጅጌውን ሰብስቦ አልጋውን ከቤት ማውጣት ጀመረ።

ነገሩን ያመጣው ጨዋነት ነው። መስከረም ላይ የሚካኤል ማኅበር እማሆይ ወለተ ሥላሴ ቤት ተደግሶ፣ ሽታው የተጠራው ዳቦ ሊበላ እንጂ ሌላ ሐሳብ ኖሮት አልነበረም። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋው፣ ማለት የማኅበሩ ማሰሮ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እማሆይ ጎንበስ ብለው ሊያነሡት ሲሉ ወገባቸው እንቢ አላቸው። ትልቅ ሰው ሲቸገር እያየ የሚቀመጥ ልጅ ደግሞ አሰገደች አልወለደችም፤ ሽታው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ አነሣላቸው። «የት ላድርገው?» ሊል አፉን ሳይከፍት ቤቱ በእልልታ ተናጋ። በማኅበሩ ሥርዓት ጽዋውን ከመደቡ ያነሣ ሰው የሚቀጥለውን ወር ድግስ በገዛ እጁ ተቀበለ ማለት ነው። ቄስ ገብረ ኢየሱስ መስቀላቸውን አውጥተው እያሳለሙት «ለካ ዘንድሮም እንዲህ ያለ ወጣት አለ!» አሉ። ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ «ኧረ እኔ ላግዝ ብዬ ነው» የሚል ሰው ካለ እሱ ጀግና ነው። ሽታው ጀግና አልነበረም፤ ጽዋውን ታቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤት ካሉት ነው እንግዲህ። ደሴ ላይ ኮሌጅ ጨርሶ ውጫሌ ከተማ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሲመደብ፣ ለራሱ ብሎ የያዛት አንዲት ክፍል ናት። በወር መቶ ሰማንያ ብር፤ ኮርኒሷ የተሰፋ ማዳበሪያ፣ ወለሏ ሊሾ፣ ከመስኮቷ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መኪና ሁሉ አቧራውን የሚያራግፍባት። አያ ዝናቡ ከእህል መጋዘኑ ጎን ያለውን ክፍል አስለስኖ፣ አዲስ ፍራሽ ገዝቶ ሲጠብቀው ሽታው አመስግኖ እዚህ ገባ። አጎቱን ጠልቶ አይደለም። የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ቤቱ እያለ «ውኃ ጠማኝ» ሳይል ብርጭቆው አፉ ላይ ይደርሳል፤ ኮሌጅ ሲገባ ደግሞ መንግሥት አበላው። አንድ ጊዜ እንኳ የራሱን እራት ራሱ አበላሽቶ መብላት አማረው። ይህን እንዴት አድርጎ ለአጎቱ እንደሚያስረዳ አላወቀም፤ አጎቱም አልጠየቀውም። ያ አዲስ ፍራሽ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ነው፤ አጎትና የወንድም ልጅም ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ባርኔጣውን፣ ሌላው አንገቱን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ።

ቢሮም ያው ነው። ድንበር ሊያስለኩ ከገጠር የሚመጡ ገበሬዎች ከጠረጴዛው ኋላ ሽታውን ሲያዩ፣ በትከሻው ላይ አሻግረው ከጀርባው ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። «ትልቅ ሰው የለም ወይ ልጄ?» ይሉታል። «እኔ ነኝ» ሲላቸው በትሕትና ፈገግ ብለው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ትልቁ ሰው እስኪመጣ። ማኅበሩ ዛሬ አጎቱ ቤት ከሄደ ውጫሌ ዕድሜውን ሙሉ ከጀርባው ትልቅ ሰው ስትፈልግበት እንደምትኖር ሽታው አልጋውን እየጎተተ አሰበ። አልጋው በሩ ላይ ተቀረቀረ፤ ገፋው፤ ወጣ። አንሶላው፣ ትራሱ፣ ቀዳዳ ካልሲው፣ ሁሉም ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ሞቀ።

ከሁሉም ያስጨነቀው ጠላው ነበር። ቤቱን ሲከራይ ኑርዬ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መውጣት መግባትህን አልጠይቅህም፤ ጠላና አረቄ ግን ከዚህ በር አይግባብኝ»። ሽታውም «እሺ፣ ቃሌ ነው» ብሎ እጁን ሰጥቶ ገብቷል። ጠላ የሌለበት ማኅበር ደግሞ አይቶም ሰምቶም አያውቅም። መላው የመጣው ከኑርዬ ሚስት ከእትዬ ዘምዘም ነው። «ቀሪቦ ጥመቅ! ጌሾ የለው፣ አያሰክር» አለችው። «እኛ ለሠርጉም ለመውሊዱም የምንጠጣው ምን መሰለህ? ገብሱን ቁላው፤ ከሰል እስኪመስል ቁላው። ሳይጠቁር እንዳታወጣው አደራ!» ሽታው ጆሮውን ማመን አቃተው። ውጫሌ ከገባ ጀምሮ ሽሮ አሳርሯል፣ ሩዝ አሳርሯል፣ እንቁላል ቀቅላለሁ ብሎ ውኃው አልቆ እንቁላሉን ጠብሶታል። አሁን ይኸው ማሳረር ሙያ የሚሆንበት ነገር ተገኘ። ቅዳሜ ገብሱን ሲቆላ ጭሱ ጎረቤቱን ሁሉ አስነጠሰ፤ እትዬ ዘምዘም ከምጣዱ አንዲት ፍሬ አንሥታ በጥርሷ ሰበረችና «ማሻላህ! አንተስ ለዚሁ ነው የተፈጠርክ» አለችው። አፈላው፣ አጠለለው፣ ከሱቅ ሱቅ ዞሮ ያገኘውን ስኳር ጨመረበት፣ ከእሷ በተዋሰው ገንቦ አሳደረው። ዛሬ ጠዋት ክዳኑን ሲያነሣ ቀሪቦው ፊቱ ላይ ፍስስ እያለ አረፋውን አሳየው፤ ሽታውም ሰው እንዳያየው ዞር ብሎ እስክስታ ቢጤ ወረደ።

ዳቦው ግን እንደ ቀሪቦው አላዘነለትም። ሊጡን ራሱ አቡክቶ፣ በኮባ ጠቅልሎ፣ በድስት አድርጎ ሀሚዱ ዳቦ ቤት ወሰደው። ሀሚዱ ክዳኑን ከፍቶ አየና «ይኼ ሊጥ ነው ምርጊት?» አለው። ተሳሳቁና ምድጃው ውስጥ ገባ። ሲወጣ አንድ ጎኑ እንደ አምባሰል ተራራ ቆሞ፣ ሌላው ጎኑ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ሽታው ዳቦውን አዙሮ አየው፤ ገልብጦ አየው፤ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። «አይዞህ፣ ቆርሰህ ስታቀርበው ማን ያውቃል?» አለው ሀሚዱ፤ ይህ ጥሩ ምክር ነበር። ሲመለስ እትዬ ዘምዘም ምንጣፍ ዘርግታ፣ ኑርዬ ደግሞ የመውሊድ አግዳሚዎቹን ከጓዳው አውጥቶ አቧራቸውን በፎጣው ሲያራግፍ አገኛቸው። ከታች ቤት ብርጭቆ መጣ፣ ከላይ ቤት ትሪ መጣ፤ የስንዴና የባቄላው ንፍሮም ለጉድ በሰለለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለካ ለወሬ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ አላስጠረጠረውም፤ በየቀኑ «ምን በላህ?» ብላ የምትደውለው እናቱ ዛሬ አልደወለችም። ሽታው ይህን እንደ ዕረፍት ቆጠረው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው።

ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኛው ነጠላውን እያስተካከለ፣ አልጋውን በግራ እያለፈ ገባ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ መጡ፤ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ወገባቸውን ይዘው መጡ፤ ሌሎቹም ተከታትለው ገብተው ያች ክፍል ጢም አለች። መጨረሻ ላይ አያ ዝናቡ ገባ። ግድግዳውን አየ፣ አግዳሚውን አየ፣ ሽታውን ግን አላየም፤ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ስለ ክረምቱ መውጣት፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ አዲሱ መንገድ ተወራ። ጸሎት ደረሰ። ሽታው ከገንቦው ወደ ጽዋው ቀድቶ ለቄሱ አቀረበ። ቄሱ አሸተቱ። ራቅ አድርገው አዩት፤ ደግመው አሸተቱ።

«ምነው ጌሾው ዝም አለ?» አሉ።

«ጠላ አይደለም አባ፤ ቀሪቦ ነው» አለ ሽታው። «ቤቱን ስከራይ ጠላ አላስገባም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።»

አንድ ሽማግሌ የደረቀ ጉሮሯቸውን በምራቅ አራሱ። አያ ዝናቡ ይህችን ሰዓት ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቃት ኖሯል፤ ባርኔጣውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረና «አይፈረድበትም፣ ልጅ ነው» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፣ የባሰውም እሱ ነው። «የሚካኤል ማኅበር በስኳር ውኃ ተጠጥቶ አያውቅም። እኔ ለዚሁ ብዬ አስቤበታለሁ።» አፉን ሳይገጥም ከግቢው በር የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። «ይኸው! ደረሰች!» አለ አያ ዝናቡ።

ሽታው ሲወጣ እናቱ ከባጃጁ እየወረደች ነው። በአንድ እጇ የሽታውን ዳቦ ሁለት እጥፍ የሚያህል ድፎ የያዘ አገልግል፤ ከኋላዋ ሹፌሩ አንድ ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ከጀሪካኑ አፍ የጠላ አረፋ እየፈነዳ። «ዝናቡ ጠዋት ደውሎ ልጅሽ ሊዋረድ ነው አለኝ!» አለች ሳትስመው። «ምነው ደብቀኸኝ? ምን በደልኩህ? ደግሞ ከስተሃል!» ከዚያ ሳመችው፤ ከዚያ እንደገና አየችውና «ኧረ ከስተሃል» አለች። ኑርዬ በረንዳው ላይ ቆሟል። ጀሪካኑን አየ፤ እናትን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ጥርት ያለውን ሰማይ ዝናብ እንደሚመጣበት ሰው ማየት ጀመረ። እናት ጠላ ይዛ ስትመጣ «አይገባም» የሚል ሰው አይደለም። ሽታው ይህን ያውቃል። ኑርዬ ይቅር ይለዋል፤ ሽማግሌዎቹ ይመርቁታል፤ እናቱ ደስ ይላታል፤ ማኅበሩ አምሮ ይወጣል። የሚያጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቃሉ። በሩ ላይ የማኅበርተኛው ራስ በራስ ላይ ተደራርቦ ያያል።

«እማዬ፣ አንቺ ግቢ» አለ። «ጠላው ግን አይገባም።»

«ምን አልክ?»

«ለጋሽ ኑርዬ ቃል ሰጥቻለሁ። የምንጠጣው አለ፤ ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት።»

ሽታው እናቱን እንቢ ብሎ አያውቅም። ጠግቦ ሞቶ እንኳ ስታጎርሰው አፉን ይከፍት ነበር። የአሰገደች ዓይን ከሱ ላይ ተነሥቶ ግቢውን ዞረ። ፀሐይ ላይ የተሰጣው አልጋ፣ ካልሲው፣ እጅጌው ላይ ያለው ጥላሸት፣ ገብሱን ሲቆላ ያቃጠለው አውራ ጣቱ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አየችው። አሁን ብታለቅስ ሽታው ጀሪካኑን ራሱ ተሸክሞ እንደሚያስገባው ያውቃል። አላለቀሰችም። ወደ ሹፌሩ ዞረችና «ጀሪካኑን ዝናቡ ቤት አድርስልኝ። የጠራኝ እሱ ነው፤ ይጠጣው!» አለች። በሩ ላይ የተደራረበው ራስ ሁሉ በሳቅ ተበተነ። አገልግሉን ደግሞ ሳትጠየቅ ለእትዬ ዘምዘም ዘረጋችላት። «ይኼን ለልጆችሽ። ልጄን ስላኖርሽልኝ» አለቻት። እትዬ ዘምዘም «ኧረ እኛን ነው ያኖረን፣ ሲያሳርር እየሳቅን እንውላለን» አለችና ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ተሳሳሙ።

ቄስ ገብረ ኢየሱስ ከውስጥ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጽዋው የሚካኤል ነው፤ የጌሾ አይደለም! ግቡና ተቀመጡ» አሉና ባረኩት። ብርጭቆው ዞረ። መጀመሪያ እንደ መድኃኒት ቀመሱት፤ ከዚያ እንደ መጠጥ ጠጡት። እማሆይ «ጡር ነው እንጂ ከጠላው ይሻላል» ብለው ሹክ አሉ። አያ ዝናቡ ብርጭቆውን እስከ ግማሹ ጠጣ፤ አየው፤ ጨረሰው። ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንሥቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና ብርጭቆውን ዘረጋ። «ድገመኝ እስቲ ሽታው» አለ። «ልጁ» አላለም። ሽታው ሲቀዳለት ደስ ብሎት ትንሽ አፈሰሰበት።

አሰገደች ግን ገና አልገባችም። የሴት ልጆቿ ቤት ስትሄድ ከውጭ ጀምራ እያወራች ገብታ፣ ቀጥ ብላ ወደ ምድጃው ነው፤ የድስቱን ክዳን ሳታነሣ ሰላምታም አትሰጥም። አሁን ግን ከደጃፉ ቆማ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

«ቤት ለእንቦሳ!» አለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

ሽታው ገንቦውን እንደያዘ ቆመ። አዲስ ቤት የሠራ፣ ጎጆ የወጣ ሰው ዘንድ ሲገባ የሚባል ነው፤ መልሱንም የማያውቅ የለም። እሱ ባደገበት ቤት ግን እንግዳ ደጅ ቆሞ ይህን ሲል የሚመልሰው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ልጅ አፉን አይከፍትም። ባለቤቱ ይመልስ ብሎ ዞር ብሎ አየ። ቄሱም፣ አጎቱም፣ ሁሉም እሱን ነው የሚያዩት።

«እንቦሳ እሰሩ!» አለ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብሎ፣ ኑርዬ እንኳ ከግድግዳው ማዶ «አሚን!» እስኪል።

እማሆይ እልል አሉ። አያ ዝናቡ ፈቀቅ ብሎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀላት። አሰገደች ገብታ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ድስት በዓይኗ አንድ ጊዜ ብቻ ሰረቅ አድርጋ፣ ከእንግዶቹ መካከል ተቀመጠች። የተጣመመው ዳቦ ተቆርሶ በትሪ መጣላት። አላነሣችም፤ ሁለት እጇን ወደፊት ዘርግታ ልጇን ቀና ብላ አየችው።

«እዚህ ቤት እንግዳ እጁን አይታጠብም እንዴ?» አለችው።

ሽታው ማንቆርቆሪያውን አነሣና ጎንበስ ብሎ ለእናቱ አፈሰሰላት፤ አሰገደችም ውኃው እስኪያልቅ ድረስ ታጠበች።